ኢንጂነር ይታጠፋል

በየዘመድ አዝማዱ መሐል፣ ሰው ቤት ሲገባ ከሰላምታው በፊት ጣሪያውን የሚያይ አንድ ሰው አይጠፋም። «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ይቀመጣል፣ ግራና ቀኙን ይቃኛል፣ ሻይ እስኪቀርብለት በጨዋነት ይታገሣል፤ ከዚያ በሽተኛ ሊጠይቅ እንደመጣ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይቺ ጥግ ባክናለች» ይላል። እናንተ እስከዚያ ቀን ጥግ እንዳላችሁም አታውቁም። እሱ ከሄደ በኋላ ግን ሳምንቱን ሙሉ ባለፋችሁ ባገደማችሁ ቁጥር ያቺን ጥግ እያያችሁ የሠራችሁት ጥፋት ያለ ይመስላችኋል።

አብነት ሰፈርም ከዚህ ዓይነቱ ሰው ድርሻውን አግኝቷል። ስሙ ጌዲዮን ይባላል። ሙያው አርክቴክት ነው፤ ሰፈሩ ግን ሜትር ይዞ የታየን ሁሉ ኢንጂነር ስለሚል ማረሙን ከተወ ቆይቷል። ሕይወቱን የሰጠው ለአንድ ዓላማ ነው፦ «አካባቢን የማይጎዱ፣ ውሃና መብራት የሚቆጥቡ፣ ለወጣት ከተሜዎች የሚሆኑ ጥቃቅን ቤቶችን መንደፍ።» ይህን ዓረፍተ ነገር ታናሽ እህቱ ሲምረት ከእንቅልፏ ቢቀሰቅሷትም ሳትሳሳት ትወጣዋለች። የተነደፉት ቤቶች ብዙ ናቸው፤ የተሠራው ግን አንድ ብቻ ነው። ወጣት ከተሜዋም እሷው ናት።

ቤቱ የቆመው መንገድ ሲሰፋ ከአባታቸው ግቢ በተረፈችው ቁራጭ መሬት ላይ ነው። ወርዷ ሦስት ሜትር፣ ርዝመቷ ስድስት። ሌላ ሰው ቢሆን ሱቅ ይከፍትባት ነበር፤ ወይም ቁጭ ብሎ ያለቅስባት ነበር። ጌዲዮን ግን ያቺን ቁራጭ ሲያይ ዓይኑ በራ። ከተጠቀጠቀ አፈር የተሠራ ብሎኬት ደረደረ፣ ሶላር ሰቀለ፣ የዝናቡን ውሃ በአሸንዳ ወደ ሮቶ አወረደ፣ ከጣሪያው ግማሽ ላይ አፈር አልብሶ ሰላጣ ተከለ። ሰላጣውን እስካሁን የቀመሱት ርግቦች ብቻ ናቸው። እነሱ በቤቱ ላይ ምንም ቅሬታ አላሰሙም።

የቀረው ሁሉ ይታጠፋል። ጠረጴዛው ከግድግዳ ይወጣል። ጠረጴዛው ሲወጣ የምድጃው መሳቢያ አይከፈትም፤ መሳቢያው ሲከፈት የሻወር ቤቱ በር አይከፈትም፤ የሻወር ቤቱ በር ሲከፈት ደግሞ ውጪ ያለ ሰው ውጪ ይቆያል። የደረጃው እያንዳንዱ እርከን ሣጥን ነው፤ አራተኛው ውስጥ ጫማ፣ አምስተኛው ውስጥ ምስር አለ፤ ሲምረት አንድ ጊዜ ቸኩላ ተሳስታ ታውቃለች። ቁርሷን ለመብላት ሁለት ነገር አጥፋ፣ ሦስት ነገር ዘርግታ፣ አንዴ ወደ ግቢ ወጥታ ትመለሳለች። «ጋሼ፣ ኧረ ይሄ ነገር!» ስትል መልሱ አንድ ነው።

«ይታጠፋል።»

በዚህ የተነሣ የሰፈሩ ሰው «ኢንጂነር ይታጠፋል» የሚል ማዕረግ ሰጥቶታል። እሱም እንደ ሁለተኛ ዲግሪ ተቀብሎታል።

የራሱ አልጋ ከሁሉም የባሰ ነው። ከግድግዳው ሲወርድ ርዝመቱ አንድ ሜትር ከስድሳ አምስት ነው፤ ኢንጂነሩ ደግሞ አንድ ሜትር ከሰማንያ። ስለዚህ አልጋው ቀን ቀን፣ ባለቤቱ ሌሊት ሌሊት ይታጠፋሉ። በቤቱ ውስጥ የማይታጠፍ ነገር ቢኖር የሲምረት አልጋ ነው። ሰፈሩ ቆጥ በሚለው፣ ኢንጂነሩ ግን «ሜዛኒን» ካልተባለ በሚቆጣበት ላይ፣ ሦስት ካሬ ሙሉ ይዞ ተንሰራፍቷል፤ ፍራሹ ወፍራም ነው፣ በራስጌው በኩልም መስኮት አለው። ይሄ ብቻ እንዴት ተረፈ ብላ አንድ ቀን ጠይቃው ነበር። «የጭነት ስሌቱ አልፈቀደም» አላት። የጭነት ስሌት የሚባል ነገር ሲነሣ ሰው ዝም ነው የሚለው፤ እሷም ዝም አለች።

ቤቱ ሲመረቅ ጎረቤታቸው እማማ ዙሃራ ጥሪ አክብረው መጡ። ጠረጴዛው ሲወጣ አዩ፣ አልጋው ሲገባ አዩ፣ የሚቀመጡበት ስላላገኙ ቆመው ጨረሱ።

«ስንት ካሬ ነው አልከኝ፣ ጌዲ?»

«አሥራ ስምንት፣ እማማ።»

«እኔ ስድስት ልጅ ያሳደግኩት በአሥራ ሁለት ካሬ ነው» አሉ ወይዘሮ ዙሃራ። «የኔ ምርቃት መቼ ነው ታዲያ?»

ሰፈሩ አንድ ሳምንት ሳቀ። እውነቱም ከሳቸው ጋር ነበር። አብነት ውስጥ ሰው ጉልበቱን አቅፎ መኖር የጀመረው ኢንጂነሩ ዲግሪ ሳይይዝ በፊት ነው፤ ያኔ ስሙ ችግር ነበር፣ አሁን ዲዛይን ሆነ። ጌዲዮን ግን አልተቀየመም። ደብተሩን አውጥቶ ስድስቱ ልጆች በየትኛው በኩል ይተኙ እንደነበር፣ የማን እግር ወደ ማን ራስ እንደነበር አንድ በአንድ ጠየቃቸው፣ ሥዕሉን ሣለ፣ በማግስቱም ይዞ ሄዶ አሳያቸው። እማማ ዙሃራ ሥዕሉን እስከ ዛሬ ከቁም ሣጥናቸው ውስጥ አስቀምጠውታል። ለሰው የሚያሳዩት ግን እየሳቁበት ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጎብኚ ይመጣል። የኮሌጅ ተማሪ፣ ጥናት አጥኚ፣ አንዳንዴም መንገድ ጠፍቶት የገባ ሰው። ሲምረት መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ቅዳሜ የእረፍት ቀኗ ስለሆነ ከኤግዚቢሽኑ ዕቃዎች አንዷ ሆና ትውላለች። አንዱ ጎብኚ እሷ አጠገብ ቆሞ «ለመሆኑ የሚኖርበት ሰው አለ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ እንቁላሏን በአፏ እንደያዘች እጇን ማውጣት ነበረባት። ሌላ ቀን አንድ ተማሪ «ጀለሴ፣ ይሄማ የአራዳ ቤት ነው!» እያለ ዞሮ ከጨረሰ በኋላ «ኢንጂነር፣ ጓደኛ ሲመጣስ?» አለ።

«ይታጠፋል» አለ ጌዲዮን። ወንበሩን ይሁን ጓደኛውን አላብራራም።

በዚህ ዓለም ላይ ኢንጂነሩን የማይፈራ ሰው ቢኖር የእናታቸው ታላቅ እህት፣ ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ ናቸው። ቤታቸው ጌጃ ሰፈር ነው። ሳሎናቸውን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሞላ ኤል ሼፕ ሶፋ አላቸው፤ ከሶፋው ፊት ለፊት ደግሞ ማንም ያልጠጣባቸው ብርጭቆዎች የተደረደሩበት ብፌ። ሶፋው የገባ ቀን ጌዲዮን እንኳን ደስ ያለዎት ሊል ሄዶ ሜትሩን መዘዘ።

«አክስቴ፣ ይሄ ሶፋ እኮ አራት ካሬ ተኩል በልቷል።»

«ሶፋ ደግሞ ምን ይበላል? የሚበሉት የሚቀመጡበት ናቸው።»

«በዓመት ስንት ቀን ነው የሚሞላው?»

«ሰው የሞተ ቀን፣ ሰው የተዳረ ቀን፣ ሰው የተወለደ ቀን» አሉ ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ። «ከዚህ ሌላ ቀን አለ እንዴ?»

ጌዲዮን ሁሉን ነገር ደብተሩ ላይ የሚጽፍ ሰው ነው። ይህንን ግን አልጻፈውም። መጻፍ ነበረበት።

ሲምረት ሃያ ስምንት ዓመት ሲሞላት ዳዊ የሚባል ሰው ይዛ መጣች። ዳዊ መንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠራ፣ ረጋ ያለ፣ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ልጅ ነው። ጌዲዮን እጁን ጨበጠው፣ ስለ ሥራው ጠየቀው፣ ስለ ቤተሰቡ ጠየቀው። ሲምረት «ዛሬስ ሰው ሆነ» ብላ ልታመሰግን ስትል ዋናው ጥያቄ መጣ።

«ቤትህ ስንት ካሬ ነው?»

«ሰባ ስድስት» አለ ዳዊ፤ ልጁ ምስኪን፣ በኩራት ነው የተናገረው።

«ብቻህን?»

«ብቻዬን።»

«እግዚአብሔር ያጽናህ» አለው ጌዲዮን፤ ከልቡ።

ነገሩ እስከዚህ ድረስ ሳቅ ነበር። ጥር ላይ ግን ዳዊ የማያስቅ ወሬ ይዞ መጣ። መሥሪያ ቤቱ ከፋሲካ በኋላ ለአንድ ዓመት ሰመራ መድቦታል። ሁዳዴ ሊገባ ደግሞ ስድስት ሳምንት ቀርቶታል፤ በጾም ሠርግ የለም። እንግዲህ ወይ ከሁዳዴ በፊት ይጋባሉ፣ ወይ ዓመት ሙሉ በስልክ ይተያያሉ። ይህ ሁሉ የሚወሰነው ደግሞ ሽማግሌ በሚላክበት ቀን ነው። ሽማግሌ በመጀመሪያ ቀን እሺ አይባልም፤ «እንመካከር፣ በሁለት ሳምንት ተመለሱ» ይባላል። ሲመለሱ ደግሞ አንድ አጎት ከክፍለ ሀገር እስኪመጣ ይጠበቃል። በዚህ መሐል ጾሙ ይገባል።

እናታቸው ያረፉት ሲምረት ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ ነው፤ አባታቸው ደግሞ ከዚያ አራት ዓመት ቆይተው ተከተሉ። ከዚያ ወዲህ እናትም አባትም የሆናት፣ በአሥራ ሦስት ዓመት የሚበልጣት ይኸው ኢንጂነር ነው። ስለዚህ ሽማግሌ የሚቀበለው እሱ፣ እሺ የሚለውም፣ የሚመልሰውም እሱ ነው።

«ጋሼ» አለችው አንድ ቀን ምስር ያለበት እርከን ላይ ተቀምጣ፣ «እባክህ እንዳትመልሳቸው።»

«የሽማግሌዎቹን መቀመጫ ጨርሼዋለሁ» አላት፤ ብሎኑን እያጠበቀ።

የጠየቀችው ስለ መቀመጫ አልነበረም። ፊቱን ብታይ ምንም አይነበብበትም። ተናደደች። ቤቱ ያለ ነዋሪ ምን ሊሆን ነው? ቅዳሜ ቅዳሜ እንቁላል የሚበላለት ማን ሊመጣ ነው? ሰውየው እኔን ሳይሆን የሚያስበው ኤግዚቢሽኑን ነው ብላ ደመደመች።

ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ በበኩላቸው ጦርነት አውጀዋል። «የእህቴ ልጅ ከተጣጣፊ ቤት አትዳርም! ሶፋ የተገዛው ለምን ሆነና? እኔ ቤት ነው የሚመጡት!»

«አክስቴ፣ የአባቷ ቤት ይሄ ነው» አለ ጌዲዮን። «ከአባቷ ቤት ነው የምትጠየቀው።»

ሲምረት ይህን ስትሰማ ልቧ ሞቀ። ከዚያ አሥራ ስምንቱን ካሬ ዞር ዞር ብላ አየችና ሙቀቱ በረደ።

ኢንጂነሩ ሳምንቱን ሙሉ ሥራ ላይ ነበር። ሦስት ሽማግሌ፣ አንድ አክስት፣ አንድ እሱ፣ አንድ መጠባበቂያ፤ ስድስት መቀመጫ ከግድግዳው ላይ እንዲዘረጋ አደረገ። የጉልበት ርቀት ለካ። የክርን ርቀት ለካ። ሽማግሌ ወደ ኋላ ደገፍ ማለት ይወዳል ብሎ የመደገፊያውን ዝንባሌ ሦስት ጊዜ ለወጠ። ሲምረትን ስድስቱም ላይ እያስቀመጠ ሞከረ። ዕውነት ለመናገር መቀመጫዎቹ ጥሩ ነበሩ።

እሁድ ከልደታ ቅዳሴ መልስ ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ ተኮሳትረው፣ ትልቅ ድስት ዶሮ ወጥ ይዘው ደረሱ። ምድጃው በመቀመጫ ተሸፍኗል። ጠረጴዛው በመቀመጫ ተሸፍኗል። ድስቱን ይዘው መሐል ቤት ቆሙ። «ይሄስ ይታጠፋል?» አሉ።

ድስቱ ሜዛኒን ላይ ወጣ። የምትጠየቅ ልጅ ሽማግሌ ፊት አትታይምና ሲምረትም ተከትላው ወጣች። ሌላ ቤት ቢሆን ልጅቷ ጓዳ ትገባለች፣ በቀዳዳ ታያለች፣ ከዘመዶቿ ጋር ትንሾካሾካለች። ሲምረት ግን በሆዷ ተኝታ፣ ከዶሮ ወጥ ጋር እግር ለእግር ገጥማ፣ የቤቱን ጉባኤ ከላይ ሆና መከታተል ጀመረች።

«ቤቶች!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሦስት ናቸው። የዳዊ አጎት አቶ ሸዋንግዛው፣ ረጅም፣ ጡረታ የወጡ፣ ክራቫት ያሰሩ። የአባቱ ጓደኛ አቶ ኣስገዶም፣ ሰፊ ሰው፣ ነጋዴ። ሦስተኛው የንስሐ አባቱ ናቸው፣ መቋሚያቸውን እንደያዙ። ጌዲዮን እጅ ነሥቶ፣ ስድስቱን መቀመጫዎች በኩራት አሳይቶ «ግቡ፣ ግቡ፣ ተቀመጡ!» አለ።

«የለም ልጄ» አሉ አቶ ሸዋንግዛው። «ለጉዳይ ነው የመጣነው። መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም።»

ኢንጂነር ጌዲዮን ደርቆ ቀረ። ሽማግሌ ጉዳዩን ተናግሮ እሺ ሳይባል እንደማይቀመጥ የአብነት ድመት እንኳ ያውቃል። እሱም ያውቃል፤ እዚሁ ነው ያደገው። ግን ሳምንቱን ሙሉ የለካው የሚቀመጥ ሰው ነበር። ስድስቱ መቀመጫ ሲዘረጋ የሚተርፈው ወለል ሁለት ጫማ ያሳርፋል፤ የሁለት ሰው ሳይሆን የአንድ ሰው ሁለት ጫማ። ሽማግሌዎቹ እንዳይቀመጡ ደንቡ ከለከላቸው፣ እንዳይቆሙ መቀመጫው። አቶ ሸዋንግዛው ጉልበታቸውን ሸብረክ አድርገው ቀሩ። አቶ ኣስገዶም አንድ እግራቸው ደጅ ነው። አባ መቋሚያቸውን ወደ ላይ ሲያነሡ የሲምረትን ወለል አንኳኩ።

ስልኳ ነዘረ። ዳዊ ነው፤ አብነት አደባባይ ጋ አንድ ካፌ ውስጥ ተቀምጦ ጥፍሩን እየበላ ነው። «ተቀመጡ?» ይላል መልእክቱ። ከተቀመጡ እሺ ተብሏል ማለት ነው።

«አልተቀመጡም፤ አልቆሙምም» ብላ መለሰችለት።

«አንድ ጊዜ ይቅርታ» አለ ጌዲዮን ከታች። «ይ... ይታጠፋል።» ሲምረት ይህን ቃል እንዲህ በሰለለ ድምፅ ሲናገረው ሰምታው አታውቅም። ለማጠፍ ደግሞ ሁሉም መውጣት አለበት። ሽማግሌዎቹ ወደ ግቢ ወጡ፣ አክስትየዋ ወጡ፣ መቀመጫዎቹ ግው፣ ግው፣ ግው እያሉ ተከደኑ። እማማ ዙሃራ ከበራቸው ላይ ሆነው ይህን አይተው ኖሯል። «ምነው፣ ገና ከመግባታቸው መለሷቸው እንዴ!» አሉ፤ ሰፈሩ በሙሉ ሰማ።

ተመልሰው ገቡ። አምስት ሰው ፊት ለፊት ቆመ። እንዲህ ያለ ንግግር በመሐል ራቅ ራቅ ብሎ፣ እጅን ወደ ኋላ አጣምሮ የሚደረግ ነው። አቶ ሸዋንግዛው ግን ከጌዲዮን አፍንጫ በአንድ ስንዝር ርቀት ላይ ሆነው «ልጃችን ዳዊ የናንተን ልጅ ሲምረትን ዓይቶ፣ ወድዶ፣ ለትዳር ፈልጎ እኛን ልኮናል» ሲሉ የጌዲዮን መነጽር በእስትንፋሳቸው ተሸፈነ። ሊጠርገው እጁን ማንሣት አልቻለም፤ በክርኑ በኩል አቶ ኣስገዶም አሉ። «ልጃችሁን ለልጃችን እንድትሰጡን እንለምናለን» ብለው ጨረሱ።

«ሰምተናል» አለ ጌዲዮን። «እንግዲህ... እንመካከር።»

ቤተሰብ የሚመካከረው ወደ ጓዳ ገብቶ ነው። ይህ ቤት ያለው ጓዳ አንድ ነው። ኢንጂነሩና አክስቱ ተያይዘው ሻወር ቤት ገቡና በሩ ተዘጋ። ሻወር ቤቱ አንድ ካሬ ነው፤ የግድግዳው ውፍረት ቦታ እንዳይፈጅ ሲባል ከአንድ ጣት አይበልጥም። ይህን የሚያውቁት ሁለቱ የቤቱ ነዋሪዎች ብቻ ነበሩ። አንደኛው በዚያች ሰዓት ረስቶታል።

«መልሳቸው» አሉ ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ፤ እያንዳንዱ ቃል ከበሩ ውጪ ጥርት ብሎ ይሰማል። «በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል ቤተሰብ የት ታይቷል? ልጅቷ የሰለቸችን ይመስላል። ሁለት ሳምንት ሄደው ይመለሱ።»

ሲምረት ዓይኗን ጨፈነች። ሁለት ሳምንት፣ ከዚያ አጎት፣ ከዚያ ሁዳዴ። ሽማግሌዎቹ ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ።

ጌዲዮን ቧንቧ ሲያጠብቅ ተሰማ።

«ምነው ዝም አልክ? ልጁ ይከፋል?»

«አይከፋም። ቤቱ ትልቅ ነው እንጂ ልጁስ ጥሩ ልጅ ነው።»

«ታዲያ ፊትህ ምን ሆኖ ነው?»

«ምንም አልሆነም።»

«ጌዲዮን፣ በጀርባዬ አዝዬሃለሁ እኮ። ንገረኝ።»

ቧንቧው ጠብ፣ ጠብ ይላል፤ ውሃ ቆጣቢ የተባለው ነው።

«እሷ ስትሄድ...» አለ ጌዲዮን። «አክስቴ፣ እሷ ስትሄድ ቤቱ ይሰፋብኛል።»

ከሻወር ቤቱ በር ውጪ ያሉት ሦስት ሽማግሌዎች ድንገት የሚያዩት ነገር አጡ። አቶ ኣስገዶም ጫማቸውን አዩ። አቶ ሸዋንግዛው ክራቫታቸውን ፈታ አደረጉ። ሲምረት ፊቷን ትራሷ ውስጥ ቀበረች። ዓይኗ ያነባው በዶሮ ወጡ በርበሬ ነው ብላ ለራሷ ለመንገር ሞከረች፤ ድስቱ ግን የተከደነ ነበር። ኤግዚቢሽኑን ነው የሚያስበው ያለችው ትዝ አላትና ራሷን ጠላች። በአሥራ ስምንት ካሬ ውስጥ አብሯት ኖሮ ይህን ያህል ነገር የት ደብቆት እንደቆየ ሊገባት አልቻለም።

የወይዘሮ ወርቅአፈራሁ ነጠላ አፍንጫቸው ላይ ሲያልፍ ተሰማ። «በል ና፣ እንውጣ» አሉ በመጨረሻ። «ሰዎቹም ቆመዋል፣ እኔንም ይሄ ቧንቧህ ጀርባዬን ወግቶኛል።»

መውጣት ግን ቀላል አልነበረም። በሩ የሚከፈተው ወደ ውጪ ነው፤ በሩ ላይ ደግሞ አባ ተደግፈው ቆመዋል። ከውስጥ ኳ፣ ኳ አለ።

«አባ» አለ ጌዲዮን፣ «ትንሽ ጠጋ ቢሉልን።»

«እ? ምን አልክ ልጄ?» አሉ አባ። ምንም እንዳልሰሙ ለማስመሰል ያን ያህል የደከሙ ቄስ በልደታ ታይተው አይታወቁም።

ጌዲዮን ወጣ። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገው፣ አደረገው። ከዚያ ቀና ብሎ ሜዛኒኑን አየ፤ ከትራሱ በላይ ሁለት ያበጡ ዓይኖች ያዩታል።

«ሁለት ሳምንት ጠብቁ ልላችሁ ነበር» አለ። «ደንቡ እንደሱ ነው። ግን ጾሙ እየመጣ ነው፤ ልጅቷም ቸኩላለች።» ወደ አቶ ሸዋንግዛው ዞረ። «ሰጥተናል። ልጃችሁ ልጃችን ነው። ተቀመጡ።»

መቀመጫዎቹ አንድ በአንድ ተዘረጉ። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፤ ጉልበት ከጉልበት ሳይነካካ፣ ክርን ከክርን ሳይጋጭ፣ ልክ እንደተሰላው። አቶ ኣስገዶም ደገፍ ብለው «ይሄስ ይመቻል» አሉ። ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ በጥርጣሬ ቀስ ብለው ዐረፍ አሉ፣ ሲጥ ሲል ግድግዳውን ያዙ፣ እንዳልወደቁ ሲያረጋግጡ «አይከፋም» ብለው አመኑ። ዶሮ ወጡ በእጅ ቅብብል ወረደ። አባ ተነሥተው መረቁ፤ ሲጨርሱ ወደ ጌዲዮን ዞረው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ያንተንም ቤት ሙሉ ያድርገው ልጄ።»

«አሜን» አለ ጌዲዮን። «ከስድስት የሚበልጡ ከሆነ ግን አባ፣ ቀድመው ይንገሩኝ።»

ሠርጉ ሁዳዴ ሊገባ ስምንት ቀን ሲቀረው ተደገሰ። ሲምረት ሰንጋ ተራ ገባች። ሳሎኑ ሃያ ሁለት ካሬ ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት መሐሉ ላይ ቆማ ምን እንደምታደርግበት ጠፍቷት ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ዳዊ ከሥራ ሲመለስ ከግድግዳ የሚወጣ ጠረጴዛ ተገጥሞ አገኘ። «ያ ጥግ ባክኖ ነበር» አለችው። ዳዊ ትንሽ ደነገጠ።

ከፋሲካ በኋላ፣ ሁለቱም ወደ ሰመራ ከመሄዳቸው በፊት፣ አንድ ቅዳሜ ልትሰናበተው አብነት ሄደች። ቤቱ በተማሪ ተሞልቷል። ማለፊያ ስላልነበረ አራተኛው እርከን ላይ፣ ጫማ ያለበት ላይ ተቀመጠች። ጌዲዮን ጠረጴዛውን አወጣ፣ የራሱን አጭር አልጋ አወረደ፣ አሁን ዝነኛ የሆኑትን ስድስት መቀመጫዎች ዘረጋ፣ በየመሐሉ «ይታጠፋል» ይላል። ትንሽ ከስቷል። ቀና ስትል ሜዛኒኑ ላይ ያለው አልጋዋ አዲስ በታጠበ አንሶላ ተነጥፎ፣ ትራሱ በቦታው ሆኖ፣ መስኮቱ ተከፍቶ አየችው።

አንዱ ተማሪም አየው። «ኢንጂነር፣ ላይኛው አልጋ ላይ የሚተኛ ሰው አለ?»

«አሁን የለም።»

«ታዲያ ሦስት ካሬ ባከነ ማለት እኮ ነው» አለ ተማሪው፤ ደብተር የያዘ፣ ጣሪያ ጣሪያውን የሚያይ ልጅ ነው። «እሱስ ለምን አይታጠፍም?»

ሲምረት የጭነት ስሌቱን ጠበቀች። ጌዲዮን መነጽሩን አወለቀ፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፣ ጊዜ ወሰደ።

«እሱ» አለ፣ «አይታጠፍም።»